ማፕ ላይ የረሳነው ዋጋ፦ ጉግል ላይ አዲስ ነገርና ቅናሽ ስለመለጠፍ

የዛሬውን የእህልና የቡና ዋጋ ጠዋት ለጥፌያለሁ፣ ከሰዓት የተለወጠ ነገር ስለሌለ አልደግመውም። ማታ ማታ እሰጣለሁ ያልኳችሁን ትምህርት ዛሬ ልጀምር። ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር "ሱቃችን ጉግል ማፕ ላይ አለ፣ ግን ምን እናድርግበት? ዋጋ እንለጥፍበት ወይ?" እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ለእያንዳንዱ ሰው ከመመለስ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው። ረዘም ይላል፣ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር። የዛሬ ሁለት ዓመት አካባቢ አንድ ጤፍ ነጋዴ ደንበኛዬ "አንተ ስልክ ላይ ጎበዝ ነህ" ብሎ የማፕ ገጹን እንድይዝለት ሰጠኝ። አዲስ ማኛ ገባለት። ፎቶ አነሳሁ፣ የኩንታሉን ዋጋ ጽፌ ለጠፍኩ። ሳምንት ሳይሞላ ጤፍ በኩንታል 600 ብር ጨመረ። እኔ ቴሌግራሙን በየቀኑ ሳድስ ማፑን ረስቼዋለሁ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ እንጀራ ጋግረው ለሆቴል የሚያስረክቡ አንዲት እናት ከሰበታ መኪና ተከራይተው መጡ። ስልካቸውን አውጥተው ዋጋውን አሳዩት። ነጋዴው "እማማ፣ ይሄ እኮ የድሮ ነው" አላቸው። እሳቸውም "የድሮ ከሆነ ዛሬ ለምን ይታያል? እኔ የመኪና ከፍዬ የመጣሁት ይሄን አምኜ ነው" አሉ። መልስ የለውም። አምስት ኩንታል በድሮው ዋጋ ሰጣቸው፣ 3,000 ብሩን ደግሞ ከእኔ ኮሚሽን ላይ ቆረጠ። ተናድጄ ነበር፣ ግን እውነቱን ነው። ለጣፊው እኔ ነኝ፣ አንሺውም እኔ መሆን ነበረብኝ።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ ጉግል ማይ ቢዝነስ ይባል የነበረው ከ2021 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ጉግል ቢዝነስ ፕሮፋይል ይባላል። ክፍያ የለውም። ብቻውን የሚሠራው አፕ ቀርቷል፤ አሁን በገጹ ባለቤት ኢሜይል ገብታችሁ ጉግል ላይ የድርጅታችሁን ስም ስትፈልጉ፣ ወይም በማፑ አፕ፣ ማስተካከያው ራሱ ይመጣላችኋል። እዚያ ውስጥ "አድ አፕዴት" የሚል አለ። ስትነኩት ሦስት ምርጫ ይሰጣችኋል፦ አፕዴት፣ ኦፈር፣ ኢቨንት።

የሦስቱ ልዩነት ቀላል ይመስላል፣ እኔን ግን 3,000 ብር ያስከፈለኝ እሱ ነው። አፕዴት ማለት "አዲስ እህል ገብቷል" ዓይነት ወሬ ነው። ማብቂያ ቀን አትሰጡትም፣ እስከ ስድስት ወር ሊታይ ይችላል። ኦፈር ማለት ቅናሽ ነው። የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ካልሞላችሁ አይለጠፍም፣ ቀኑ ሲያልፍ ራሱ ከፊት ይወርዳል። ኢቨንትም እንደ ኦፈር ቀን ያለው ነው፣ ባዛር ለሚወጡ ይጠቅማል። እኔ ዋጋን የሚያህል ነገር፣ በየገበያው ቀን የሚለዋወጠውን፣ ስድስት ወር በሚቆየው ላይ ጻፍኩት። ጥፋቱ ይሄ ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። እህል ነጋዴ ማፕ ላይ ዋጋ ይጻፍ ወይስ አይጻፍ? የእኔ አቋም፦ የኩንታል ዋጋ አትጻፉ። ቴሌግራም ላይ ያላችሁት ሰዎች ታውቁኛላችሁ፣ የጠዋቱ ዋጋ የጠዋት መሆኑን ታውቃላችሁ፣ የማታው ሲመጣ የጠዋቱን ትረሳላችሁ። ማፕ ላይ የሚመጣው ሰው ግን አያውቃችሁም። "ጤፍ በአቅራቢያዬ" ብሎ ፈልጎ ነው የመጣው። የጻፋችሁት የመቼ እንደሆነ ልብ አይልም፣ ያየውን ቃል ነው ብሎ ይይዛል።

"ታዲያ ቅናሽ ሳንጽፍ ምኑን ማስታወቂያ ሆነ?" ትሉኛላችሁ። ቅናሽ ጻፉ፣ ግን ከራሳችሁ ድርሻ ላይ እንጂ ከገበያው ላይ አትስጡ። በቁጥር ላሳያችሁ። በኩንታል 200 ብር የምታተርፉ ናችሁ እንበል። ለሁለት ሳምንት "ከገበያ 100 ብር ቅናሽ" ብላችሁ ቁርጥ ዋጋውን ጻፋችሁ። ገበያው ባለበት ቢቆይ 100 ብር ታተርፋላችሁ፣ ደህና ነው። በሦስተኛው ቀን ገበያው 300 ብር ቢጨምርስ? እቃውን ለመተካት የምትከፍሉት በ300 ብር ጨምሯል፣ የምትሸጡበት ግን ታስሯል። በኩንታል 200 ብር ከኪስ ትጨምራላችሁ ማለት ነው። ሃያ ኩንታል ከሸጣችሁ 4,000 ብር። ማስታወቂያው በሠራላችሁ ቁጥር ኪሳራው ይጨምራል!

ስለዚህ በእጃችሁ ያለውን ስጡ። ወፍጮ ያለው "ከ50 ኪሎ በላይ ለገዛ ማስፈጫ በነጻ" ይበል። የወፍጮው ወጪ በሦስት ቀን አይገለበጥም። በጋሪ ወይም በባጃጅ የሚያደርስ ሰፈሩን ጠቅሶ "ማድረሻ ነጻ" ይበል። የግድ በብር መቀነስ ካለበት መጠኑን ይወስን፦ "ለመጀመሪያ 20 ኩንታል ብቻ፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን"። ኦፈሩ ላይ ለዚህ የሚሆን የቅድመ ሁኔታ ቦታ አለ፣ ብዙ ሰው ባዶ ይተወዋል። የኩፖን ኮድ የሚባልም አለ። እኛ ሰፈር ብዙም አያስፈልግም፣ ግን አንድ ጥቅም አለው፦ ገዢው ኮዱን ሲጠራላችሁ ከማፕ መምጣቱን ታውቃላችሁ።

ቀን ስትሞሉ ተጠንቀቁ፣ ካላንደሩ የፈረንጅ ነው። የአዲስ ዓመት ቅናሽ ከነሐሴ 25 እስከ ጳጉሜን 5 ከሆነ ብዙውን ጊዜ ከኦገስት 31 እስከ ሴፕቴምበር 10 ብላችሁ ነው የምትሞሉት። ከዚህ የባሰው ሰዓት ነው። አንድ የማውቀው ባለ ወፍጮ "ከ2፡00 እስከ 12፡00" ብሎ ሞላ፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋት እስከ ማታ። ጉግል የተረዳው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት ነው። ከሰዓት በኋላ የፈለገው ሰው ሁሉ "ዝግ ነው" የሚል ያያል። ሰውየው ወራት ሙሉ "ማፕ አይሠራም" እያለ ነበር። የጠዋት ሁለት ሰዓት 8 ኤኤም፣ የማታ አስራ ሁለት ሰዓት 6 ፒኤም ነው። የበዓል ቀን ለብቻው የሚሞላበት ቦታም አለ። ለገና ዋዜማ እስከ ስንት ሰዓት እንደምትቆዩ እዚያ ብትጽፉ ሰው በከንቱ አይመላለስም።

ጽሑፉስ? ፖስት እስከ 1,500 ፊደል ይቀበላል፣ ግን ሰው የሚያነበው የመጀመሪያውን ሁለት መስመር ነው። "ምርጥ ጤፍ በተመጣጣኝ ዋጋ አለን፣ ይደውሉ" የሚለውን ሁሉም ይጽፈዋል፣ ምንም አይናገርም። እኔ አሁን የምጽፈው እንዲህ ነው፦ "የዘንድሮ የምንጃር ነጭ ጤፍ ገብቷል። የተበጠረ፣ አሸዋ የሌለው። ከ25 ኪሎ ጀምሮ እንሸጣለን፣ ወፍጮ እዚሁ አለ። የዕለቱን ዋጋ ደውለው ይጠይቁ።" የአድአ ይሁን የበቾ፣ የደጀን ይሁን የምንጃር፣ ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። ስለዚህ ፊት ላይ ይቀመጥ። ፎቶው የራሳችሁ ይሁን፣ ደጅ በፀሐይ ብርሃን ይነሳ። ሰማያዊ ሸራ ሥር የተነሳ ነጭ ጤፍ ግራጫ ነው የሚመስለው፣ ሰው ሰርገኛ ነው ብሎ ያልፈዋል።

ስልክ ቁጥር ጽሑፉ ውስጥ አታስገቡ፣ ጉግል በዚህ ምክንያት ፖስቱን ሊጥልባችሁ ይችላል። በምትኩ አፕዴት ላይ የጥሪ ቁልፍ ምረጡ። ቁልፉ የሚደውለው ገጹ ላይ ወደተመዘገበው ቁጥር ነው። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አንብቡልኝ፣ ይሄን ሁሉ የጻፍኩት ለዚህ ነው ማለት ይቻላል።

አንድ በቆሎና ስንዴ የሚነግድ ወዳጅ አለኝ። የማፕ ገጹን እሱ አልከፈተውም፣ የሆነ መንገደኛ ነው ሱቁን ማፕ ላይ የጨመረው። ባለቤት ነኝ ብሎም አልተረከበውም። "ሰው ያገኘኛል፣ በቃ" ብሎ ተወው። ማፕ ላይ ደግሞ ማንም ሰው "ይሄ መረጃ ይስተካከል" ብሎ መላክ ይችላል፣ ጉግልም ሊቀበለው ይችላል። አንድ ቀን የሱቁ ስልክ ቁጥር ተለወጠ። እሱ አላወቀም። አዳማ ላይ ዶሮ የሚያረባ ሰው ለመኖ በቆሎ ፈልጎ ቁጥሩ ላይ ደወለ። ያነሳው ሰው በትህትና አናገረው፣ ዋጋ ነገረው፣ "ገዢ ስለበዛ ቀብድ ላክና ይቀመጥልህ" አለው። 40,000 ብር ላከ። በማግስቱ አይሱዙ ይዞ ሱቁ በር ላይ ቆመ። ወዳጄ ሰውየውን በሕይወቱ አይቶት አያውቅም!

ፖሊስ ጋ አብረው ሄዱ፣ ቃል ሰጡ። ገንዘቡ አልተገኘም። ወዳጄ አንድ ብር አልነካም፣ ግን ያ ዶሮ አርቢ ዛሬም በሙሉ ልቡ አያምነውም። አዳማ አካባቢ ላሉ መኖ ገዢዎች ምን ብሎ እንደነገራቸው እግዚአብሔር ይወቀው። ከዚያ ወዲህ ከዚያ መስመር አንድም ሰው አልደወለለትም።

እና የመጀመሪያው ሥራ ፖስት አይደለም፣ ገጹን መረከብ ነው። ስሙን ፈልጉ፣ "የዚህ ድርጅት ባለቤት ነዎት?" የሚለውን ንኩ። አብዛኛውን ጊዜ በቪዲዮ ነው የሚያረጋግጡት። ሳይቆራረጥ የተቀረጸ ቢያንስ 30 ሰከንድ ያህል ቪዲዮ ይፈልጋሉ፦ ከውጭ አካባቢውንና የሱቁን ታፔላ፣ ከውስጥ እቃውንና ሚዛኑን፣ ከዚያ የራሳችሁ መሆኑን የሚያሳይ ነገር፣ ለምሳሌ በቁልፍ በሩን ስትከፍቱ። የሰው ፊትና የባንክ ቁጥር እንዳይገባ። መልሱ ጥቂት የሥራ ቀናት ይወስዳል። ከተረከባችሁ በኋላም በወር አንዴ በሌላ ሰው ስልክ ገጹን ከፍታችሁ ቁጥሩን ራሳችሁ ደውሉበት። ቀጥሎ ደግሞ አንድ አፕዴት ለጥፉ፦ "ቀብድ በስልክ አንቀበልም፣ እህሉን በዓይናችሁ አይታችሁ ክፈሉ።" እኔ ለያዝኩላቸው ሁሉ ይሄን በየሁለት ወሩ አድሳለሁ፣ ከቅናሹ ይልቅ በዚህ የሚደውል ሰው እንደሚበዛ ነው የማየው።

ስም ላይ አትራቀቁ። ታፔላው ላይ ያለውን ብቻ ጻፉ። "እገሌ እህል መደብር ምርጥ ማኛ ጤፍ በቅናሽ አዲስ አበባ" ብሎ ስም ማስረዘም ገጹን ያሳግዳል። አስተያየት በገንዘብ ወይም በስጦታ ማስጻፍም ክልክል ነው።

ቡና ላይ ያላችሁ ለብቻ ስሙኝ። ቆልታችሁ ፈጭታችሁ የምትሸጡ፣ ማፕ ለእናንተ ወርቅ ነው። በተለይ በበዓል ሰሞን ከውጭ የሚመጣው ወገናችን ሻንጣ ሊሞላ ሲል መጀመሪያ የሚያየው ስልኩን ነው። "ዛሬ ጠዋት የተቆላ" የሚል አፕዴትና የከረጢቱ ፎቶ ይበቃል። ጥሬ የኤክስፖርት ቡና ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የቡና ግብይት በአዋጅ 1051/2009 የሚመራ ነው፣ ለውጭ ገበያ የተዘጋጀ ቡና እንደ ሽንኩርት ለመንገደኛ አይሸጥም። "ግሬድ አንድ ይርጋጨፌ ጥሬ፣ በኪሎ ይህን ያህል" ብሎ ማፕ ላይ መለጠፍ ራስን መጠቆም ነው።

እኛ ደላሎችስ? በአካል ደንበኛ የማያስተናግድ፣ በስልክ ብቻ የሚያገናኝ ሥራ ጉግል ላይ ገጽ እንዲኖረው አይፈቀድም። ስለዚህ እኔ ራሴ የለኝም፣ የምይዘው የደንበኞቼን ነው። ስይዝም ባለቤቱን በእሱ ኢሜይል ዋና ባለቤት አድርጌ፣ እኔ እንደ ማናጀር ነው የምገባው። ገጹን በራሱ ኢሜይል ከፍቶ "እኔ ጋ ነው ያለው" የሚላችሁ ደላላ ካለ፣ እኔም ብሆን፣ እምቢ በሉት።

ሠራ አልሠራ የሚታወቀው "ፐርፎርማንስ" በሚለው ውስጥ ነው፦ ስንት ሰው ደወለ፣ ስንት ሰው አቅጣጫ ጠየቀ። አቅጣጫ የጠየቀው ይበልጣል፣ እሱ መኪና ሊያስነሳ ነው። ቻት በነበረበት ጊዜ ጥሩ ነበር፣ ጉግል በ2024 እ.ኤ.አ. አንስቶታል።

የድሮ ፖስት ያላችሁ ዛሬ ማታውኑ ገብታችሁ ዋጋ ያለበትን አጥፉት፣ ፖስቱ ጎን ያሉትን ሦስት ነጥቦች ስትነኩ ማጥፊያው ይመጣል። የተቸገራችሁ ስክሪንሾት በውስጥ ላኩልኝ፣ ነገ ከገበያ ስመለስ አያለሁ። የጠዋቱ ዋጋ በተለመደው ሰዓት ይለጠፋል።