አምስቱን ቀዳዳ በጣትሽ ቁጠሪ

ቆይ ሚሚዬ፣ መጀመሪያ አፈሙዙን ከዚያ ግድግዳ ላይ አንሺው። ከወዲያ በኩል የጎረቤትሽ ልጆች ይተኛሉ፤ የዚህ አገር አፓርታማ የውስጥ ግድግዳ ደግሞ ጥይት አያቆምም፣ እንደ ካርቶን ነው የሚያልፈው። ወደ ውጭው የጡብ ግድግዳ አዙሪው። እንደዚያ። ጣትሽን ከምላጩ አውጪና በጎኑ ላይ አስተኚው። ባዶ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ሻጩ ከፍቶ እንዳሳየሽም ነግረሽኛል። ቢሆንም እኔና አንቺ ገና አላየነውም።

አሁን ክፈቺው። በግራ በኩል ያለችውን ቁልፍ በአውራ ጣትሽ ወደ ፊት ግፊያት፤ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የሚከፈተው እንዲህ ነው። ሩገር ቢሆን ወደ ውስጥ ትጫኛታለሽ፣ ኮልት ቢሆን ወደ ኋላ ትስቢያታለሽ። አየሽ፣ ሲሊንደሩ ወደ ጎን ወጣ። አምስቱን ቀዳዳ በትንሿ ጣትሽ እየነካሽ ቁጠሪ። ሲደክም ዓይን ያየ ይመስለዋል፤ አንቺ ደግሞ ከሌሊት ሥራ የምትመለሺ ሰው ነሽ።

አባባ ምኒሽሩን ሊወለውል ሲቀመጥ ትዝ ይልሻል? ጥይቶቹን ጋቢው ላይ አንድ በአንድ እየደረደረ ጮክ ብሎ ይቆጥር ነበር። እማዬ ከጓዳ ሆና «ስንት?» ትለዋለች፣ ይነግራታል። ሲጨርስም ደግማ ታስቆጥረዋለች። ልጅ ሆኜ የሁለቱ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። እዚህ ቨርጂኒያ መጥቼ ታጥቄ በጥበቃ ሥራ ስገባና በየዓመቱ ተኩስ ስፈተን ነው የገባኝ። በዚያ ቤት ሰባት ልጅ ያደገው አንድም አደጋ ሳይደርስ ነው፤ እኔ ምክንያቱ የእማዬ «ስንት?» ነው እላለሁ።

ትናንት ስትደውዪ «እትዬ፣ ትንሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ እጄ ውስጥ ልክ ገባ» ብለሽ ድምፅሽ ሁሉ ፈክቶ ነበር። ደስታሽን ላበላሽብሽ አልፈለግሁም። ሽጉጡም ጥሩ ሽጉጥ ነው፣ ገንዘብሽን አልጣልሽም። ግን ሱቅ ውስጥ የወደድሽለት ነገር ሁሉ ተኩስ ላይ የሚያስቸግርሽ ነገር ስለሆነ አሁኑኑ እንነጋገርበት።

አካሉ አሉሚኒየም ነው፣ 400 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከግማሽ ኪሎ ስኳር ያንሳል። እኔ የታጠቅሁት ሞዴል 10 ሙሉ ብረት ነበር፣ ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። ሁለቱም የሚጎርሱት ያንኑ 38 ስፔሻል ጥይት ነው። ባሩዱ ያው፣ እርሳሱ ያው። ከባዱ ብረት ግን የግፊቱን ብዙውን ራሱ ይውጠዋል፣ ቀላሉ ሁሉንም ለመዳፍሽ ያስረክባል። ቦርሳሽ ውስጥ ያስደሰተሽ ቅለት አውራ ጣትሽ ሥር ሲገርፍሽ፣ ከሦስተኛው ጥይት በኋላ ገና ሳትተኩሺ ዓይንሽን መጨፈን ትጀምሪያለሽ። ዓይኑን ጨፍኖ የሚተኩስ ሰው ደግሞ ለማንም አይበጅም።

«ለሴት ትንሹ ይሻላል» ብሎ የሸጠልሽ ሰው ክፉ አስቦ አይመስለኝም። ይህን አባባል በየሱቁ ሰምቼዋለሁ፣ ሁልጊዜም ያናድደኛል። አጭርና ቀላል ሪቮልቨር የለመደ እጅ ነው የሚፈልገው። የአፈሙዙ ርዝመት አምስት ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያው በጣም ስለተቀራረበ ትንሿ ስሕተት ዒላማው ላይ ስትደርስ ትልቅ ትሆናለች። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን በዚህ አትጀምሪ። መተኮሻ ቦታው ትልቁን ብረት ያከራያል። በእሱ ከሦስት ሜትር ጀምረሽ እጅሽን አስለምጂና ከዚያ ወደዚህ ነይ። ለልምምድ ዋድከተር የሚባለውን፣ ጫፉ የተቆረጠ ለስላሳ ጥይት ጠይቂ። ማግነም የሚል ካርቶን ደግሞ አትግዢ። 357 ማግነም የሚተኩስ ሽጉጥ 38 ስፔሻልን ይተኩሳል፣ የአንቺ ግን ለ38 የተሠራ ነው፤ የማግነምን ግፊት አይችልም።

ሲሊንደሩን መልሺና ምላጩን አንዴ ሳቢው፤ ባዶ መሆኑን ሁለታችንም አይተናል፣ አፈሙዙም ወደ ጡቡ ነው። ከበደሽ አይደል? ከአምስት ኪሎ በላይ ነው የምትስቢው። አስቢው፤ ጣትሽ የሽጉጡን ክብደት ከአሥር እጥፍ በላይ እየጎተተች ሌላው እጅሽ እንዳይንቀሳቀስ ይዞ ማቆየት አለበት። አፈሙዙ የሚወዛወዘው ለዚህ ነው፣ አንቺ ሰነፍ ስለሆንሽ አይደለም። መምቻው በውስጥ የተሸፈነ ስለሆነ እንደ ፊልሙ በአውራ ጣት ወደ ኋላ ስቦ ምላጩን ማቅለል አይቻልም። እኔ ይህን እወድለታለሁ፤ በድንጋጤ ሰዓት በቀላሉ የሚነካ ምላጭ አልፈልግልሽም።

መድኃኒቱ በየቀኑ አሥር ደቂቃ ነው። ጥይቶቹን ሌላ ክፍል አስቀምጪ፣ ቁጠሪ፣ ማስለመጃ የፕላስቲክ ጥይት ሲሊንደሩ ውስጥ አስገቢ፣ ወደ ጡቡ ግድግዳ አነጣጥሪ፣ ከአፈሙዙ ላይ አንድ ኳርተር አስቀምጪ። ሳንቲሙ ሳይወድቅ ምላጩን እስከ መጨረሻው መሳብ እስክትችዪ ድረስ ደጋግሚ። እኔ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ሲያልቅ «በቃ፣ ጨረስኩ» በዪና ቆልፊው፤ ብዙ አደጋ የሚደርሰው ጥይት ከተመለሰ በኋላ «አንድ ጊዜ ብቻ» ሲባል ነው።

ሴፍቲ የት ነው ብለሽኝ ነበር። የለውም። የዚህ ሽጉጥ ሴፍቲ የምላጩ ክብደትና የአንቺ ጣት ነው። ቢወድቅስ? በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከእጅ የወደቀ ሪቮልቨር ተኩሶ አንድ የአሜሪካ ባሕረኛ ስለገደለ፣ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1944 የተሻለ ማገጃ ብረት በመምቻው ፊት አስገባ። የአንቺውም መምቻ ምላጩ ካልተሳበ ጥይቱ ጋ አይደርስም። ስለዚህ ከእጅሽ ካመለጠ ይውደቅ። ልትይዢው አትሞክሪ፤ በአየር ላይ የሚቀልብ ጣት ምላጩ ውስጥ ነው የሚገባው። ቢቧጨር ይቧጨር።

እስቲ ደግመሽ ክፈቺና ዝጊው። ኧረ እንዲህ አትዝጊው! በአንድ እጅ ወዝውዞ ጠቅ ማድረግ የፊልም ነው። ሲሊንደሩን የተሸከመችው ክንድ ቀጭን ናት፤ ደጋግመሽ ስታጋጪያት ትጣመማለች። ከዚያ በኋላ ቀዳዳው ከአፈሙዙ ጋር በትክክል አይገጥምም። በግራ እጅሽ ደግፈሽ በቀስታ አስገቢው።

ቅዳሜ መተኮሻ ቦታው ስንሄድ እንዳትረሺ የምፈልገው ጥቂት ነገር አለ። በሲሊንደሩና በአፈሙዙ መካከል ያለችውን ክፍተት አየሻት? ወረቀት የምታሳልፍ ስስ ክፍተት ናት፤ ሲተኮስ የሚጋይ ጋዝ በእሷ ይወጣል። የግራ አውራ ጣትሽ ወደ ፊት ሄዶ እዚያ ጋ እንዳይደርስ፣ ይቆርጥሻል። መነጽርና የጆሮ መከላከያ ሳታደርጊ በሩን አታልፊም፤ የአንድ ሽጉጥ ድምፅ ብቻውን ጆሮን ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል። ምላጩን ስበሽ «ቀጭ» ብሎ ዝም ካለ፣ ወዲያው ሁለተኛ አትሳቢ። አፈሙዙን ዒላማው ላይ እንዳደረግሽ 30 ሰከንድ ያህል ጠብቂ፤ ዘግይቶ የሚነሳ ጥይት አለ። ድምፁ እንደ ወትሮው ካልሆነ፣ ለስለስ ብሎ «ፕፍ» ካለ ደግሞ አቁሚና ጥሪኝ፤ እርሳሱ መንገድ ላይ ቀርቶ ይሆናል፣ ከኋላው ሌላ መላክ ሽጉጡን ያፈነዳዋል።

ቀለሁን ስታራግፊ አፈሙዙን ወደ ላይ አድርጊ። ይህን የተማርሁት በፈተና ቀን ነው። ወደ ታች ይዤ አራገፍሁት፣ ያልተቃጠለ የባሩድ ፍንጣሪ ከኮከቧ ሥር፣ ቀለሁን ከምትገፋዋ ብረት ሥር ገባ፣ ሲሊንደሩ አልዘጋ አለ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ቆሜ ሰዓቱ አለቀብኝ። ከዚያ ወዲህ ስወለውል መጀመሪያ የምቦርሸው እዚያ ሥር ነው። ስትጨርሺ እጅሽን በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና ታጠቢ፣ ቤት ገብተሽ ልጅሽን ናቲን ከማቀፍሽ በፊትም ልብስሽን ቀይሪ፤ የእርሳስ ብናኝ ለልጅ መርዝ ነው።

ስለ ናቲ እናውራ። ከሁሉ በላይ የመጣሁት ለዚህ ነው።

ቁም ሣጥኑ ላይ፣ ከሐበሻ ቀሚስሽ ሥር አስቀምጠዋለሁ ብለሻል። ሚሚዬ፣ አንቺ ራስሽ እማዬ ስኳር የምትደብቅበትን ሁሉ ታውቂ ነበር። የሰባት ዓመት ልጅ ቤቱን ከአንቺ ይበልጥ ያውቀዋል። ምላጩ ይከብደዋል ብለሽም አትጽናኚ። በጣቱ መሳብ ያቃተው ልጅ ሽጉጡን ያዞርና በሁለት አውራ ጣቱ ይገፋዋል። ያን ጊዜ አፈሙዙ የሚያየው ደረቱን ነው። ይህን ስነግርሽ ሆዴ ይንቦጫቦጫል፣ ግን እንድታውቂው እፈልጋለሁ።

ሳጥኑ ውስጥ ያለችው የሽቦ ቁልፍ አለች አይደል? እ.ኤ.አ. ከ2005ቱ የፌደራል ሕግ ወዲህ ፈቃድ ያለው ሻጭ ሽጉጥ ሲሸጥ መቆለፊያ አብሮ መስጠት አለበት። ለዛሬ ማታ እሷን በሲሊንደሩ ክፍት ቦታ አሳልፈሽ ቆልፊ። ነገ ግን በቁጥር የሚከፈት ትንሽ የብረት ካዝና እንገዛለን፣ አልጋሽ አጠገብ ከወለሉ ጋር በብሎን እናስረዋለን። ቁጥሩ የናቲ የልደት ቀን አይሁን። ካዝናው የሚከፈተው አንቺ ስትታጠቂ ወይም ስትለማመጂ ብቻ ነው። ናቲንም ደብቀሽው አትኑሪ፤ ሽጉጥ የትም ቢያይ፣ ጓደኛው ቤትም ቢሆን፣ ሳይነካ ወጥቶ ለትልቅ ሰው እንዲናገር ንገሪው። እንዲህ ተነግሮትም ሊነካ ይችላልና ቁልፉን በምክር አትተኪው።

ሌላም አለ፣ ከእኛ ቤት ማንም አይናገረውም። በዚህ አገር በጠመንጃ ከሚሞተው ሰው ከግማሽ በላዩ በራሱ እጅ ነው የሚሞተው። ክፉ ሐሳብ ብዙ ጊዜ መጥቶ ያልፋል፤ ሽጉጥ ግን ለመጸጸት ጊዜ አይሰጥም። ባለፈው ዓመት ክረምቱን እንዴት እንዳሳለፍሽ አውቃለሁ። እንደዚያ ያለ ሰሞን ከመጣ፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ደውዪልኝ፤ መጥቼ የካዝናውን ቁጥር ቀይሬው እሄዳለሁ፣ አንድም ጥያቄ አልጠይቅሽም። እኔን ማውራት ከከበደሽም 988 ላይ ሌሊትና ቀን ሰው አለ።

ስለ ሕጉ አጠር አድርጌ ልንገርሽ። ግሪን ካርድ ይዘሽ መግዛት ተፈቅዶልሻል፤ ነገር ግን በጦር መሣሪያ ጥፋት የተፈረደበት ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከአገር ሊባረር ይችላል። ለዜጋው ቅጣት የሆነው ለአንቺ ከልጅሽ መለየት ሊሆን ነው። እሑድ እሑድ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ የውድሮው ዊልሰንን ድልድይ ትሻገሪያለሽ፤ የቨርጂኒያ የመታጠቂያ ፈቃድ ሜሪላንድ ውስጥ አይሠራም፣ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥም አይሠራም። ስለዚህ እሑድ ሽጉጡ ካዝናው ውስጥ ይዋል። የምትሠሪበት ነዳጅ ማደያ ባለቤት በሱቁ ውስጥ መታጠቅሽን መፍቀድ አለመፍቀዱን ሳትጠይቂ አትግቢ። ቅጽ 4473 ላይ ለራሴ ነው የምገዛው ብለሽ ፈርመሻል፤ ወረቀት የሌለው ዘመድ «በስምሽ ግዢልኝ» ቢልሽ፣ የአክስታችን ልጅም ቢሆን እምቢ በዪ፣ እስከ 15 ዓመት የሚያሳስር ወንጀል ነው። እዚያው ቅጽ ላይ ስለ ዕፅ የተጠየቅሽውም ቀልድ አይደለም፤ በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌደራል ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንድ መደብ የተቀመጠ ነው፣ ቅዳሜ ከሚቅሙት ጓደኞችሽ ጋር አብረሽ አትቀመጪ። በሠርግና በልደት ወደ ሰማይ መተኮስ ደግሞ እንደ አገር ቤት አይደለም፤ እዚህ ፖሊስ ነው የሚመጣው፣ የወጣውም እርሳስ የሆነ ቦታ ይወርዳል።

ሲጨልምብሽ ብቻሽን ከዚያ ሱቅ ወጥተሽ እስከ መኪናሽ የምትሄጂው መንገድ እኔንም እንቅልፍ ይነሳኛል። ለዚህ ነው አትግዢ ያላልሁሽ። ለሁለት ወር ግን ይህ ሽጉጥ ከመተኮሻ ቦታውና ከካዝናው በቀር የትም አይሂድ። ሱቁን ከሥራ ባልደረባሽ ጋር ዝጊ፣ መኪናሽን መብራት ሥር አቁሚ፣ ወጥተሽ ሞተር እስክታስነሺ እኔን ስልክ ላይ አቆዪኝ። ከሁለት ወር በኋላ አምስቱንም ጥይት ከአምስት ሜትር በእጅሽ መዳፍ በምታህል ወረቀት ውስጥ ስታስገቢ፣ ያኔ ስለ መታጠቅ እናወራለን።

በዪ፣ ሻዩ ቀዘቀዘ፣ ናቲም ሊነቃ ነው። ሽቦዋን አምጪ። ከመቆለፍሽ በፊት አንዴ ልየው። አዎ፣ በጣትሽ። ጮክ ብለሽ።

ስንት?