የጤና መድን ደብተርዎ የት ይሠራል? ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ

ቀን በመንግሥት ሆስፒታል ሲሠራ የሚውል፣ ማታ ደግሞ በግል ክሊኒክ ሕመምተኛ የሚቀበል ሐኪም አዳማ ላይ ብርቅ አይደለም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ማታ ወደዚያ ክሊኒክ ቢሄድ ከኪሱ ይከፍላል። ያው ሐኪም ጠዋት በሆስፒታሉ ቢያየው ግን የሚከፍልለት መድኑ ነው። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው ይህን ሳያውቅ ነው፤ ውል የሚገባው ሐኪሙ ሳይሆን ተቋሙ ነውና።

መድኑ በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ሲጀመር ከኦሮሚያ ከተመረጡት አራት ወረዳዎች አንዱ እዚሁ ምሥራቅ ሸዋ የሚገኘው ግምቢቹ ነበር። ያኔ በኦሮሚያ የአንድ ቤተሰብ የዓመት መዋጮ 180 ብር ነበር። ዛሬ መዋጮው በእጅጉ ጨምሯል፤ ከገበሬው ሌላ የባጃጅ ሾፌሩም፣ የጉሊት ነጋዴዋም፣ የቀን ሠራተኛውም ይከፍላሉ። ይህን ገንዘብ ከጉሮሮው ቀንሶ የከፈለ ሰው በመስኮት ላይ «አይሠራም» ተብሎ መመለስ የለበትም። እንዳይመለስ የሚያደርጉት እርምጃዎች እነዚህ ናቸው።

ደረጃ 1፦ ሳይታመሙ ደብተሩን ይመርምሩ

የዘንድሮው እድሳት ማኅተም አለ? የሁሉም ቤተሰብ ስምና ፎቶ ገብቷል? ዘንድሮ የተወለደው ሕፃን ተመዝግቧል? 18 ዓመት የሞላው ልጅ ብዙ ጊዜ ተጨማሪ መዋጮ ስለሚጠየቅበት፣ እሱ ሳይመዘገብ ቀርቶ ቤተሰቡ የሚያውቀው ልጁ ሲታመም ነው። የስም አጻጻፍንም አይናቁ። በኛ አካባቢ አንድ ሰው መታወቂያው በቁቤ፣ የድሮ የሆስፒታል ካርዱ በአማርኛ ሊሆን ይችላል፤ የአያት ስም በአንዱ ላይ ካለና በሌላው ላይ ከሌለ ካርድ ክፍል የሚሠራው ልጅ ሁለት ሰው ይመስለዋል። ይህን ቀበሌ ሄዶ ማስተካከል በጤና ቀን የሚያልቅ ሥራ ነው።

እድሳት የሚከፈተው አብዛኛውን ጊዜ ምርት ከተሰበሰበ በኋላ ባሉት ወራት ነው። ያመለጠው ሰው እስከሚቀጥለው ዓመት ሊጠብቅ ይችላልና ቀኑን አስቀድመው ይጠይቁ። ደሞዝተኛ ከሆኑ መንገዱ ሌላ ነው፤ ለእርስዎ የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ 690/2002 ሲሆን ትግበራው ለዓመታት ዘግይቷል። መዋጮውን ለመክፈል አቅም የሌለው ቤተሰብ ደግሞ በማኅበረሰቡ ተለይቶ መንግሥት የሚከፍልለት አሠራር ስላለ ቀበሌውን ከመጠየቅ አይፈር።

ደረጃ 2፦ ውል ያላቸውን ተቋማት ዝርዝር በእጅዎ ያስገቡ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይሄኛው ነው። የከተማዎ ወይም የወረዳዎ የጤና መድን ጽሕፈት ቤት ከጤና ጣቢያዎችና ከሆስፒታሎች ጋር ውል ይፈራረማል፤ ደብተሩ የሚሠራው በእነዚህ ብቻ ነው። ስለዚህ የአዳማ ነዋሪ ደብተርና የመቂ ነዋሪ ደብተር የሚከፍቱት በር አንድ ላይሆን ይችላል። የአዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ ከሩቅ ወረዳዎች ጭምር ሕመምተኛ የሚላክበት ሆስፒታል ነው። ሆኖም «አዳማ ይቀበላል» የሚለውን ከጎረቤት ሰምቶ መሄድ አይበቃም፤ የሚቀበለው የእርስዎን ወረዳ ደብተር መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የአርሲ ነገሌ ሰው ሻሸመኔ፣ የሞጆ ሰው ቢሾፍቱ ወይም አዳማ ሊላክ ይችላል። የሚወስነው ርቀቱ ሳይሆን ውሉ ነው።

ጽሕፈት ቤቱን እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ «በዚህ ዓመት ከየትኞቹ ጤና ጣቢያዎች፣ ሆስፒታሎችና ፋርማሲዎች ጋር ውል አላችሁ? ሪፈር ስባል የምላከውስ የት ነው?» መልሱን ጽፈው ደብተሩ ውስጥ ያስቀምጡት።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ስለ ኢንሹራንስ ሲያወሩ ነገሩ የሚምታታባቸው ሰዎች አሉ። እዚያ በሜዲኬር፣ ማለትም በአረጋውያን የመንግሥት መድን፣ እያንዳንዱ ሐኪም የመድኑን ዋጋ ተቀባይ መሆን አለመሆኑን ራሱ ያሳውቃል። ተቀባይ ያልሆነው ከሕመምተኛው በተወሰነ መጠን ጨምሮ ሊጠይቅ ይችላል። እዚህ «ዶክተር፣ መድን ይቀበላሉ?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አይጠቅምም። ሐኪሙ ከበሩ ሲወጣ ውሉ አብሮት አይወጣም። በግል ክሊኒክ የጻፈው ማዘዣም በመድን ፋርማሲ እንደ መድን ማዘዣ አይቆጠርም። በመንግሥት ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ያለው የግል ክፍልም ለብቻው የሚከፈልበት ነው፤ ደብተርዎ የሚሠራው በመደበኛው ክፍል ነው።

ደረጃ 3፦ ከጤና ጣቢያ ይጀምሩ፣ ሪፈር ወረቀቱን ይያዙ

ድንገተኛ ካልሆነ በቀር የመጀመሪያው በር ጤና ጣቢያ ነው። ጤና ጣቢያውን ዘሎ ሆስፒታል የሄደ ሰው ከወጪው ከፊሉን ወይም ሙሉውን ራሱ ይከፍላል። ሪፈር ወረቀቱ ላይ ማኅተም፣ ቀን፣ የመድን ቁጥርና የሚላኩበት ተቋም ስም መኖሩን ከግቢው ሳይወጡ ይዩ። ማኅተም ተረስቶ ከባቱ አዳማ ድረስ የመጣ ሰው ለአንድ ክብ ቀለም ሲል የትራንስፖርት ሁለት ጊዜ ሊከፍል ይችላል። ድንገተኛ ከሆነ ግን ወረቀት ፍለጋ አይዙሩ፤ ሕመምተኛውን ያድርሱ፣ ደብተሩን በዚያው ቀን ለመድን ተጠሪው ያሳዩ።

ካርድ ክፍል ሲደርሱ ደብተሩን መጀመሪያ ያውጡ። በከፋይነት ከተመዘገቡ በኋላ ወደ መድን ማዛወር አድካሚ ነው።

ደረጃ 4፦ ምን እንደተጻፈልዎ ይወቁ

ተቋሙ ገንዘቡን የሚያገኘው የሰጠውን አገልግሎት ዘርዝሮ፣ በየሩብ ዓመቱ የክፍያ ጥያቄ አቅርቦ ነው። በጥያቄው ላይ የመድን ቁጥር፣ የታወቀው በሽታ፣ ምርመራው፣ መድኃኒቱና የእያንዳንዱ ዋጋ ይሰፍራል። ከዚያ ኦዲተር ያየዋል።

አንድ ምሳሌ በቅርብ እንየው። በስምጥ ሸለቆው ከተሞች ክረምቱ ሲወጣ ወባ ይበረታል። አንድ ልጅ በትኩሳት መጣ፣ ደሙ ታየ፣ መድኃኒት ተሰጠው እንበል። ሐኪሙ በበሽታው ቦታ ላይ «ትኩሳት» ብቻ ብሎ ካለፈ የወባ መድኃኒቱ ለምን እንደተሰጠ ወረቀቱ አይናገርም፤ ኦዲተሩም ሊጥለው ይችላል። በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ፣ በ10ኛው እትም፣ ፋልሲፓረም ወባ ቢ50፣ ቫይቫክስ ወባ ቢ51 ነው። የሚሰጣቸውም መድኃኒት አንድ አይደለም፤ ስለዚህ ኮዱ፣ የላቦራቶሪው ውጤትና ማዘዣው መመሳሰል አለባቸው። የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛውን እትም ሥራ ላይ ካዋለ ዓመታት አልፈዋል፤ ፊደሉና ቁጥሩ ይቀየር እንጂ ሦስቱ ወረቀቶች መስማማት እንዳለባቸው አልተቀየረም።

ኮዱን መጻፍ የእርስዎ ሥራ አይደለም። ግን «ዶክተር፣ በሽታዬ ምን ተብሎ ተጻፈ?» ብሎ መጠየቅ መብትዎ ነው፤ መልሱን በተለይ የስኳርና የግፊት ሕመምተኞች ይያዙት። በየወሩ የሚመላለስ ሰው አንድ ጊዜ «ስኳር»፣ ሌላ ጊዜ «ድካም» ተብሎ ከተጻፈበት ክትትሉም ይበላሻል። በመጨረሻም የሚፈርሙበት ቅጽ ሲሰጥዎ ባዶውን አይፈርሙ። የተደረገልዎ ምርመራና የተሰጠዎ መድኃኒት ከተጻፈው ጋር አንድ መሆኑን አይተው፣ ማንበብ ካልቻሉ አስነብበው ይፈርሙ። ያልተሰጠ አገልግሎት ተጽፎ የሚወጣው ገንዘብ የጎረቤትዎ መዋጮ ነው።

ደረጃ 5፦ መድኃኒት «የለም» ሲባሉ

አባላት በጣም የሚማረሩት በዚህ ነው፣ ቅሬታቸውም እውነት አለው። ወደ መጀመሪያው የግል ፋርማሲ ከመሮጥዎ በፊት ማዘዣው ላይ መድኃኒቱ በተቋሙ እንደሌለ በማኅተም ያስጽፉ። ቀጥሎ ወረዳዎ ውል ያለው ፋርማሲ ካለ ወደዚያ ይሂዱ። ከሌለ፣ ገዝተው ደረሰኝ ሲያመጡ የሚመለስልዎ መሆኑን ሳይገዙ ይጠይቁ፤ አሠራሩ ከወረዳ ወረዳ ይለያያል። ደረሰኝ የሌለው ግዢ ግን የትም አይመለስም።

ደረጃ 6፦ መድኑ የማይመለከተውን ይለዩ

መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ የውበት ቀዶ ሕክምናና የውጭ አገር ሕክምና አይሸፈኑም። በሌላ በኩል የቲቢ ሕክምና፣ የኤችአይቪ መድኃኒት፣ ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የእርግዝና ክትትልና ወሊድ በመንግሥት ጤና ተቋም ለአባልም ላልሆነም ነፃ ናቸው፤ ለእነዚህ ማንም ደብተር ሊጠይቅዎ አይገባም። በመኪና አደጋ ለተጎዳ ሰው ደግሞ የአስቸኳይ ሕክምናውን ጉዳይ የሚመለከተው የተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ነው።

ደረጃ 7፦ ከተከለከሉ በዚያው ቀን ይናገሩ

መጀመሪያ በተቋሙ ያለውን የመድን ተጠሪ፣ ቀጥሎ የወረዳውን ጽሕፈት ቤት፣ ካልሆነ በአካባቢው ያለውን የኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎት ቅርንጫፍ ያነጋግሩ። ቀኑን፣ ክፍሉንና የተባሉትን ጽፈው፣ የካርድ ቁጥርዎን አያይዘው ያቅርቡ። በቃል የተነገረ ቅሬታ ሠራተኛው ሲቀየር አብሮ ይጠፋል።

የየከተማው የጤና መድን ኃላፊዎችም አንድ ነገር ብታደርጉልን፦ ከእናንተ ጋር ውል ያላቸውን ተቋማት ዝርዝር በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ጽፋችሁ በእያንዳንዱ ቀበሌና ጤና ጣቢያ በር ላይ ለጥፉት፤ ውሉ በታደሰ ቁጥርም ቀይሩት።