ምሳ ዕቃውን ከመቋጠርዎ በፊት፦ ሆስፒታል ለተኛ ሰው ምግብ ሲመርጡ ማወቅ ያለብዎ

አንድ ሰው ሆስፒታል ሲተኛ ቤተሰብ ወዲያው ተራ ያወጣል፤ ቁርሱን እሷ፣ ምሳውን እሱ። የሆስፒታሉ ሽሮ ቀጠነ፣ ዳቦው ደረቀ ይባልና ነገሩ በዚያው ይወሰናል። በጣዕሙ አልከራከርም። ነገር ግን የቤት ምግብ ለሕመሙ ይስማማል ማለት አይደለም፤ እኛ አገር ቅቤውም ጨውም የሚጠነክረው ለምንሳሳለት ሰው ነው። ለሁሉም ዋርድ ከአንድ ድስት የሚጨለፈው ወጥ ደግሞ የእናትዎን ስኳር አያውቅም። ከሁለቱ አንዱን ከመምረጥዎ በፊት እነዚህን ያጣሩ።

ልዩ ምግብ ታዞለታል?
ለስኳርና ለግፊት ለይቶ የሚያበስል ሆስፒታል አለ፣ የማያበስልም አለ። ነርሷን ይጠይቁ፤ ትእዛዙ ካርዱ ላይ መጻፉንም ያረጋግጡ፣ በቃል የተባለ ወጥ ቤት ሳይደርስ ይቀራልና። ለስኳር ታማሚ ነጭ ዳቦና ጣፋጭ ሻይ ከመጣለት መልሱን አገኙት። ጨውን በተመለከተ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለጤነኛ አዋቂ እንኳ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ቢሆን ነው። ምጥን ሽሮውና በርበሬው ሲዘጋጁ ጨው ገብቶባቸው ከሆነ፣ ድስቱ ላይ ባይጨምሩም ጨው አለ።

ኩላሊቱስ?
እዚህ ላይ ቆም ይበሉ። የጠያቂ ወጉ ሙዝና ብርቱካን ይዞ መሄድ ነው። እጥበት (ዲያሊሲስ) ላይ ላለ ሰው ግን ሁለቱም ፖታሲየም የሞላባቸው ናቸው፤ አቮካዶ፣ ቲማቲምና ድንችም እንዲሁ። ኩላሊት ማስወጣት ያቃተው ፖታሲየም ከአንዱ እጥበት እስከ ሌላው ደም ውስጥ ይጠራቀማል፣ ሲበዛም የልብን ምት ያዛባል፤ ልብ እስከ ማቆም ሊደርስ ይችላል። ድንች ግድ ከሆነ ተልጦ ይቆረጥ፣ በብዙ ውኃ ይቀቀል፣ ውኃው ይደፋ። «የጨው ምትክ» ተብሎ የሚሸጠውን አይግዙ፤ ብዙው የፖታሲየም ጨው ነው። ፈሳሽ የተመጠነለት ሰው ደግሞ ሾርባውም፣ አጥሚቱም፣ ሻይውም ከውኃው ጋር ይቆጠርበታል። «አጥሚት እኮ ምግብ ነው» የሚሉ አክስት በየቤቱ አሉ፤ በአክብሮት ያስረዷቸው።

ምግቡ በስንት ሰዓት ይደርሳል?
ኢንሱሊን ለሚወጋ ሰው ከምግቡ ዓይነት ባልተናነሰ ሰዓቱ ይወስናል። ሬጉላር የሚባለው ኢንሱሊን የሚወጋው ምግብ ከመቅረቡ 30 ደቂቃ ያህል ቀደም ብሎ ነው። መርፌው ተሰጥቶ ምሳ ዕቃው በር ላይ የመጠየቂያ ሰዓት የሚጠብቅ ከሆነ ስኳሩ ይወርዳል፦ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት። እንዲህ ያለ ምልክት ሲያዩ ነርስ ይጥሩ፤ ታማሚው ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነ ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ወይም ለስላሳ ይስጡት። በሰዓቱ መድረስ የማይችሉ ከሆነ የሆስፒታሉ ምግብ፣ ቀጭንም ቢሆን፣ ይሻላል።

ሥጋው የማን ነው? ጾም ላይስ ነው?
ይህን ሐኪም አይጠይቅም። ሙስሊም ታማሚ ማን እንዳረደው ያላወቀውን ሥጋ ወጥ ዝም ብሎ ወደ ጎን ይገፋል፣ ክርስቲያኑም እንደዚያው፤ ነርሷ ግን «የምግብ ፍላጎቱ ጠፍቷል» ብላ ትመዘግባለች። አስቀድመው ይጠይቁ፣ ለነርሷም ይንገሯት። በጾም ወቅት ወተትና እንቁላል አልቀበል ካለዎት የንስሐ አባቱን ይጥሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ጾም እንዲቀልለት ትፈቅዳለች፣ ቁርኣንም በረመዳን የታመመ ሰው በሌላ ቀን እንዲተካ ይፈቅዳል። ከሐኪሙ ምክር ይልቅ የአባ አንድ ቃል ማንኪያውን ቶሎ ያስነሣል።

መድኃኒቱና ምግቡ ይስማማሉ?
የልብ ቫልቭ ተቀይሮለት ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ጎመን በጭራሽ አይብላ ማለት ስሕተት ነው፤ አደጋው አንድ ሳምንት በሽበሽ፣ ሌላውን ጨርሶ ሲጠፋ ነው፣ ጎመኑ ሲበዛ የመድኃኒቱ ኃይል ይወርዳል፣ ሲጠፋ ይወጣልና። መጠኑ እኩል ይሁን። ሲፕሮፍሎክሳሲን በወተት አይዋጥ። ኩላሊት የተተከለለት ሰው ጥሬ ሥጋ፣ ለብለብ ክትፎና ያልፈላ ወተት አይነካም።

ለመሆኑ መብላት ተፈቅዶለታል?
ለቀዶ ሕክምና ቀጠሮ የተያዘለት ሰው ከማደንዘዣው በፊት በጥቂቱ 6 ሰዓት ደረቅ ምግብ አይቀምስም፤ በድብቅ የተጎረሰች ጉርሻ ወደ ሳንባ ልትገባ ትችላለች። ስትሮክ የመታውን ሰው ባለሙያ አዋዋጡን ሳያይ ውኃ እንኳ አይስጡት። በምግብ እጥረት ተጎድቶ የተኛ ሕፃንም ኤፍ-75 የተባለውን ወተት በልክ ይጠጣል እንጂ ከቤት የመጣ ገንፎ አይጨመርለትም፤ የተራበ ሰውነት በድንገት ሲሞላ ይታመማል።

የበሰለ ምግብ ዋርድ ውስጥ ከ2 ሰዓት በላይ አያስቀምጡ። የሁለት ቀን ወጥ ይዞ አልጋው ሥር የሚያድር ምሳ ዕቃ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ታማሚው ሲወጣ የሚሰጠው ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ነርሷ ጀርባው ላይ የሚከለከለውንና የሚፈቀደውን ምግብ በአማርኛ ትጻፍልዎ፤ ያንን ወረቀት ማድቤት ይለጥፉት፣ ቤት የሚያበስለው ሰው እርስዎ ካልሆኑ በተለይ።