የቤት ኪራይ፣ ሕመምና ሥራ ማጣት በነጋዴው የዱቤ መዝገብ ላይ

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ከአስኮ እስከ አየር ጤና ድረስ ባለው ሠፈር፣ የዱቤ መዝገብ የሌለው ባለሱቅ ጥቂት ነው። ባለሱቁ መዝገቡን ሲገልጥ የሚያየው የባለዕዳውን ስምና የገንዘቡን ልክ ነው። ዕዳው ስለምን እንዳልተከፈለ የጠየቀ እንደሆነ ግን መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት አይዘልም፤ ይኸውም ኪራይ ተጨመረ፣ ቤተሰብ ታመመ፣ ወይም ሥራ ጠፋ የሚል ነው። እነዚህ ሦስት ነገሮች ለመንግሥት መሥሪያ ቤትና ለተመራማሪ ብቻ የተተዉ ቢመስሉም የነጋዴውን ሽያጭ የሚወስኑ ስለሆኑ ተራ በተራ ሊመረመሩ ይገባል።

መጀመሪያው የቤት ጉዳይ ነው። ለምሳሌ ያህል በወር 8,000 ብር የሚያገኝ የመጋዘን ሠራተኛ 3,500 ብር ለኪራይ ይከፍላል ቢባል፣ ለቀለብ፣ ለልብስና ለሌላው የሚተርፈው 4,500 ብር ነው። ኪራዩ 4,500 ብር የገባ እንደሆነ ደመወዙ ሳይነካ ለገበያ የሚያውለው ገንዘብ በወር 1,000፣ በዓመት 12,000 ብር ይጐድላል። እንዲህ ያሉ አሥር ደንበኞች ያሉት ሠፈር በዓመት የ120,000 ብር ገበያ አጣ ማለት ነው። አከራዩም ገንዘቡን መልሶ ያወጣዋል ቢባል እውነት ነው፤ ነገር ግን ጤፍና ዘይት ከዚያው ሱቅ ላይገዛበት ይችላል።

ስለዚህም በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ለነጋዴ እንግዳ ሊሆን አይገባውም። አዋጁ የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ሆኖም የሚመለከተው መኖሪያ ቤትን እንጂ ሱቅንና መጋዘንን አለመሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ሕመም ነው። የኢንሹራንስን ምሥጢር ለመረዳት ከዕድር የተሻለ መምህር የለም። ሰው ሁሉ ሐዘን ከቤቱ ሲገባ ብቻ ዕድር የሚገባ ቢሆን ኖሮ የዕድሩ ሣጥን ባዶ በሆነ ነበር። ሣጥኑን የሚሞላው ሐዘን ያልደረሰበት ሰው በየወሩ የሚከፍለው መዋጮ ነው። የጤና መድንም እንደዚሁ ጤነኛው ለታማሚው የሚከፍልበት ሥርዓት ነው፤ ልዩነቱ ዕድር ለቀብር ሲደርስ መድን ከቀብር በፊት መድረሱ ነው። በኢትዮጵያ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ ቆየት ብሎ ወደ አዲስ አበባም ገብቷል። ይህ መድን ደመወዝተኛ ላልሆነው፣ እንደ ጉልት ቸርቻሪና እንደ ቀን ሠራተኛ ላለው ሰው የተዘጋጀ ነው። ለደመወዝተኛው የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ግን በ2002 ዓ.ም. ቢወጣም አፈጻጸሙ ለብዙ ዓመታት ሲዘገይ ቆይቷል።

ሠራተኛው የታመመ እንደሆነ የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ለሚከተሉት ሁለት ወራት እኩሌታውን እንዲከፈለው ያዛል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት ፈቃድ እንጂ ክፍያ የላቸውም። የዱቤ መዝገቡ የሚሞላው በእነዚህ ወራት ነው።

ሦስተኛው ሥራ ማጣት ነው። በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት መለኪያ በሳምንት አንድ ሰዓት እንኳ ለክፍያ ወይም ለትርፍ የሠራ ሰው ሥራ አጥ አይባልም። ስለዚህ የሥራ አጥ ቁጥር ዝቅ ብሎ ሲነገር የሸማቹ ኪስ ሞላ ብሎ መደምደም ስሕተት ነው።

ስለ አዲስ አበባ ወጣቶች ግሩም አበበና ከውጭ አገር የተባበሯቸው ምሁራን ያደረጉት ጥናት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2021 ታትሟል። ተመራማሪዎቹ ከመሐል ከተማ ርቀው ለሚኖሩ ሥራ ፈላጊዎች፣ ለአንዳንዶቹ የመጓጓዣ ገንዘብ ሰጡ፤ ለሌሎቹ ማመልከቻ መጻፍንና ለቃለ መጠይቅ መቅረብን አስተምረው፣ ችሎታቸውን ፈትነው የምስክር ወረቀት ሰጡ። ሁለቱም በመጀመሪያ የተሻለ ሥራ ለማግኘት ረዱ፤ ከአራት ዓመት በኋላ ግን ጥቅሙ ጐልቶ የታየው ሥልጠናና የምስክር ወረቀት ባገኙት ገቢ ላይ ነበር። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ወጣቱን ከሥራ የሚያርቀው የታክሲ ዋጋ ብቻ ሳይሆን ችሎታውን የሚያውቅለት ሰው ማጣቱም ጭምር ነው። በዘመድና በተያዥ ብቻ የሚቀጥር ነጋዴ ከደጁ የሚያልፈውን ጐበዝ ሳያየው ይቀራል።

እንግዲህ ሦስቱ እርስ በርሳቸው የተያያዙ ናቸው፤ ሕመም ሥራን ያሳጣል፣ ሥራ ማጣት ከቤት ያስወጣል፣ ከቤት መውጣትም ከዕድርና ከጐረቤት ይለያል። ነጋዴው ይህን ሁሉ ብቻውን ሊያቃና አይችልም። ነገር ግን ሠራተኛውን በጽሑፍ ውል ሊቀጥር፣ የጡረታ መዋጮውን በወቅቱ ሊከፍል፣ በዱቤ የሚገዛውን ደንበኛ ቤተሰቡን በጤና መድን እንዲያስመዘግብ ሊመክር፣ ሥራ ፈላጊውንም በተያዡ ሳይሆን በችሎታው ሊፈትን ይችላል። ይህን ያደረገ ባለሱቅ ለሠፈሩ በጎ መዋሉ ብቻ ሳይሆን የራሱንም ዱቤ ማስጠበቁ ነው።