ወሬና የቡና ዋጋ

የቡና ዋጋ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሲወጣና ሲወርድ ብዙ ገበሬ «ነጋዴው እንዳሻው ያደርገዋል» ይላል። አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው፤ ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ገዢ ዋጋ የሚሰጠው ወደፊት ምን ያህል ቡና እንደሚገኝ ገምቶ ነው። ስለዚህ ስለ መጪው ምርት የሚሰማው ወሬ ሲለወጥ፥ ከመጋዘን አንድ ጆንያ ሳይጎድል ዋጋው ይለወጣል።

በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. በብራዚል፥ ይልቁንም በፓራና ግዛት፥ ብርቱ ውርጭ ወርዶ የቡናውን ተክል አቃጠለው። የዚያ ዓመት ፍሬ አብዛኛው ተለቅሞ ነበር፤ የጠፋው የሚመጣው ዓመት ምርት ነው። ዋጋው ግን የሚመጣውን ዓመት አልጠበቀም፤ ወሬው እንደ ተሰማ ተነሣ። በኒው ዮርክ ገበያ ከውርጩ በፊት ከ1 ዶላር በታች ይሸጥ የነበረው አንድ ፓውንድ ቡና፥ ማለት ግማሽ ኪሎ የማይሞላው፥ በ1969 ዓ.ም. ከ3 ዶላር በላይ ደረሰ።

እንግዲህ ሁሉ የሰማው ወሬ ዋጋው ውስጥ አስቀድሞ ገብቷል። ከወር በፊት በራዲዮ የተነገረውን ውርጭ አምኖ «ገና ይጨምራል» በማለት ጎተራ መቆለፍ አያዋጣም። ዋጋን የሚያናውጠው ያልተጠበቀ ወሬ ነው፤ ጉዳቱ ተጣርቶ እስኪታወቅም አንዱ አብዝቶ ሌላው አሳንሶ ይገምታልና ዋጋው በየቀኑ ይዋልላል።

የኛም ቡና ወደ ውጭ ሲሸጥ የኒው ዮርክ ዋጋ መነሻ ይሆናል። ይህን ላኪው በዕለቱ ያውቃል፤ ሰብሳቢው ከላኪው ይሰማል፤ ገበሬው ከሰብሳቢው፥ ማለት ከገዢው ከራሱ! የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ዋጋ በስልክና በገበያ ከተሞች በተተከሉ ሰሌዳዎች እንዲነገር ያደረገው ስለዚህ ነው።

እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን መሸጥ አለበትና ጊዜ አይሰጥም፤ ዋጋውን ከመልቀምዎ በፊት ከሁለት ቦታ ይጠይቁ። ጀንፈል ግን በደንብ ደርቆ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ከተቀመጠ ይቆያል፤ ለዕዳና ለግብር የሚበቃውን ሸጠው የቀረውን በሁለት በሦስት ጊዜ ያውጡት። ከሁሉ የሚከፋው ፍሬው ከዛፉ ሳይወርድ በተቆረጠ ዋጋ ቀብድ መቀበል ነው። «ዋጋ ቢወድቅ ጉዳቱ የነጋዴው ነው» ይባላል፤ ነገር ግን ወሬ አስቀድሞ የሚሰማ ሰው እንዲህ ያለውን ውል የሚፈልገው መቼ እንደ ሆነ ያስቡ።

የልማት ሠራተኞችም ዋጋ በሰሌዳ ላይ ስትጽፉ ቀኑን፥ ከየት እንደ ተሰማ፥ የእሸት ወይም የጀንፈል መሆኑን፥ በኪሎ ወይም በፈረሱላ መሆኑን አብራችሁ ጻፉ። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው።