ከደቦ ወደ ማኅበር

ደቦ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አዝመራ የደረሰበት ሰው ጎረቤቶቹን ይጠራል። ጎረቤትም ማጭዱን ይዞ ይመጣል። ይታጨዳል፣ ይበላል፣ ይጠጣል። ሲመሽ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። ደቦው በዚያው አለቀ።

እድር ግን እንዲህ አይደለም። እድር ዳኛ አለው፤ ጸሐፊ አለው፤ ገንዘብ ያዥ አለው። ዘንድሮ የሞተ ሰው ባይኖርም እድሩ አለ። የመሠረቱት ሽማግሌዎች ቢያልፉም ልጆቻቸው ይቀጥሉታል።

የኪነት ሥራም እንደዚሁ ነው። ለበዓል ተሰብስበን እንዘፍናለን። ወጣቶች አጭር ቴአትር ያሳዩናል። እናጨበጭባለን፣ እንስቃለን። በማግሥቱ ነገሩ ይረሳል። ይህ የኪነት ደቦ ነው። ደቦ ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ያድራል እንጂ አይከርምም። ታዲያ የኪነት ደቦ እንዴት አድርጎ ነው እንደ እድር የሚጸናው? ይህን ለመረዳት በጎረቤታችን በኬንያ የአንዲት መንደር ሰዎች የሠሩትን እንመልከት። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የካሚሪቱ ሰዎች

ካሚሪቱ ከናይሮቢ ከተማ ብዙም ሳትርቅ፣ ሊሙሩ በሚባል አካባቢ የምትገኝ መንደር ናት። የመንደሩ ሰዎች ቋንቋ ኪኩዩ ነው። በ1970ዎቹ ከነዋሪዎቿ ብዙዎቹ መሬታቸው ጠባብ የሆነ ወይም ጨርሶ መሬት የሌላቸው ገበሬዎች፣ በሻይ እርሻና በጫማ ፋብሪካ የሚሠሩ ሠራተኞችም ነበሩ።

በመንደሩ ውስጥ የወጣቶች ማእከል የሚባል፣ ሊወድቅ የተቃረበ አሮጌ የጭቃ ቤት ነበር። በ1976 አንዲት የመንደሩ ሴት ወደ ደራሲው ወደ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ቤት ሄደች። ንጉጊ የዚያው አገር ልጅ ነው፤ በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲም ያስተምር ነበር። ሴትዮዋ ከእውቀቱ ጥቂቱን፣ ከጊዜውም ጥቂቱን ለመንደሩ እንዲሰጥ ጠየቀችው። አንድ ጊዜ ጠይቃ አልተወችውም። እሺ እስኪል ድረስ በየሳምንቱ እሑድ ተመላለሰች።

ከዚያ በኋላ ማእከሉን የሚመራ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው በመጀመሪያ የመሠረተ ትምህርት ከፈተ። ጎልማሶች በገዛ ቋንቋቸው ማንበብና መጻፍ ተማሩ። ትምህርቱ በዓመቱ መጨረሻ ሲያበቃ፣ ከዚህ በኋላስ ምን እንሥራ የሚል ጥያቄ ተነሣ። መልሱ ቴአትር ሆነ። ቴአትር ያስተምራል፤ ያዝናናል፤ የመግቢያ ዋጋውም ለማእከሉ ገቢ ይሆናል ተባለ።

ቴአትሩ እንዴት ተሠራ?

ጽሑፉን ያዘጋጁት ንጉጊ ዋ ቲዮንጎና የማእከሉ ባልደረባ ንጉጊ ዋ ሚሪ ናቸው። የቴአትሩ ስም በአማርኛ ሲመለስ «በፈለግሁ ጊዜ አገባለሁ» እንደማለት ነው። ታሪኩ አንድ ሄክታር እንኳ የማይሞላ መሬት ስላለው ድሀ ገበሬ ነው። አንድ ሀብታም ያችን መሬት ለፋብሪካ ይፈልጋታል። ገበሬው ለሠርግ ድግስ ሲል መሬቱን አስይዞ ከባንክ ይበደራል። በመጨረሻ መሬቱ በሐራጅ ተሸጦ በሀብታሙ እጅ ይገባል።

የመንደሩ ሰዎች ጽሑፉን ዝም ብለው አልተቀበሉም። ሽማግሌ እንዲህ አይናገርም፣ ይህ ዘፈን የሚዘፈነው በዚህ መልክ ነው እያሉ አረሙት። ልምምዱም በር ተዘግቶ የተደረገ አልነበረም። ከሰኔ 1977 ጀምሮ በአደባባይ ይለማመዱ ነበር። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያል፤ ያልጣመውን ይናገራል። ተዋንያኑ ራሳቸው ገበሬዎችና ሠራተኞች ነበሩ።

መድረክ አልነበራቸውም። ስለዚህ ራሳቸው ሠሩ። በመጀመሪያ ወጣቶች የክብሪት እንጨት መሬት ላይ እየደረደሩ መላ መቱ። ቀጥሎ ትንሽ ናሙና ሠሩ። በኋላ 2000 ሰው የሚይዝ፣ ጣራ የሌለው ቴአትር ቤት ቆመ። የመድረኩ ጀርባ ቀርከሃ ነው። መቀመጫው እንደ ደረጃ የተደረደረ እንጨት ነው።

ጥቅምት 2 ቀን 1977 ቴአትሩ ለሕዝብ ታየ። ሰው በአውቶቡስ እየተጫነ ከሩቅ ሳይቀር መጣ። ዝናብ ሲጥል ቴአትሩ ይቆማል፤ ሰው ይጠለላል። ሲያባራ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል።

ፈተናው

ይህ ሁሉ ስድስት ሳምንት ያህል ብቻ ቆየ። ኅዳር 16 ቀን 1977 መንግሥት የቴአትሩን ፈቃድ ሰረዘ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ተያዘ። ያለ ፍርድም አንድ ዓመት ያህል ታሰረ።

ሥራው የአንድ ሰው ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። ነገር ግን አላለቀም። የካሚሪቱ ሰዎች በ1981 እንደገና ተሰብስበው ሌላ በዘፈን የተሞላ ቴአትር አዘጋጁ። በናይሮቢ ብሔራዊ ቴአትር እንዳያሳዩ ሲከለከሉ፣ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ልምምዳቸውን ለሕዝብ አሳዩ። ሰውም እየጎረፈ መጣ። በመጋቢት 1982 መንግሥት የማእከሉን ፈቃድ ሰረዘ። ፖሊሶች በእጃቸው የሠሩትን ቴአትር ቤት አፈረሱት።

ማኅበር መሆን ከክፉ ነገር ሁሉ አያድንም። እንጨትና ቀርከሃ ይፈርሳል። የተማሩት ግን አይፈርስም። ንጉጊ ዋ ሚሪና የቴአትሩ አዘጋጅ ኪማኒ ጌካው ወደ ዚምባብዌ ሄዱ። በ1980ዎቹ የዚያ አገር የመንደር ቴአትር ቡድኖች በአንድ ማኅበር ሲሰባሰቡ፣ ንጉጊ ዋ ሚሪ ዋነኛ መሪያቸው ሆነ። በካሚሪቱ የተዘራው በሌላ አገር በቀለ።

እኛ ምን እንማራለን?

1. ሥራው ከራሳችን ጥያቄ ይነሣ። ካሚሪቱን ያስነሣችው ደጅ የጠናችው ሴት ናት። ሌላ ሰው አምጥቶ የሰጠን ሥራ፣ ሰጪው ሲሄድ አብሮት ይሄዳል።

2. ሥራው ለሁሉም ክፍት ይሁን። አላፊ አግዳሚው ያረመው ቴአትር የሁሉም ነው። የእኔ ነው ያለ ሰው ደግሞ ቢደክምም አይተወውም።

3. የታወቀ ቦታ ይኑረን። አሮጌ ቤት ይሁን የዛፍ ጥላ ግድ የለም። ዘወትር የሚገናኙበት ቦታ ሲኖር ሰው መጥፋት ያፍራል።

4. ኃላፊነት ይከፋፈል። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመረጡ፤ የሚመረጡበትና የሚወርዱበት ጊዜም በደንብ ይጻፍ። አንድ ሰው ቢታመም፣ አገር ቢለቅ ወይም ቢታሰር ሌላው ያውቀው።

5. ገንዘብ በጽሑፍ ይያዝ። ብዙ ማኅበር የፈረሰው በሌብነት ብቻ አይደለም፤ በጥርጣሬም ነው። የመግቢያ ዋጋው ስንት ገባ? ለከበሮ፣ ለልብስ ስንት ወጣ? ይህ በመዝገብ ሰፍሮ በስብሰባ ይነበብ።

6. ታናናሾች ይልመዱ። ማሲንቆ መቺው አንድ ብቻ ከሆነ፣ እሱ ያረጀ ቀን ዜማው አብሮት ያረጃል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ሥራ ከጎን አንድ ተማሪ ይኑር።

ከነዚህ ውስጥ አራተኛውና አምስተኛው ማንበብና መጻፍን ይፈልጋሉ። ድሮ በየመንደሩ መጻፍ የሚችለው አንድ ሰው ነበር። ቃለ ጉባኤውም መዝገቡም በእሱ እጅ ነበር። እሱ ያነበበውን አምነን እንሄድ ነበር። ዛሬ ግን ፊደል ለይተናል። ደንቡን ራሳችን መጻፍ፣ መዝገቡንም ገልጠን ማየት እንችላለን። ማኅበሩን የእኛ የሚያደርገው ይህ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. በደቦና በእድር መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
ለ. ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ሲታሰር የካሚሪቱ ሥራ ያልቆመው ለምንድን ነው?
ሐ. በመንደራችን በየዓመቱ ታይቶ የሚረሳ ዘፈን፣ ቴአትር ወይም የእጅ ሥራ አለ? እንዲጸና ከተፈለገ በመጀመሪያ ምን ይደረግ?