በወረርሽኝ ጊዜ የጥርስ ክሊኒክ ሠራተኛ በሽታ የሚይዘው የት ነው?

የዛሬው ትምህርት በተለይ ጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ለምትሠሩ ነው፤ ሐኪም ሁኑ፣ ረዳት ሁኑ ወይም የጽዳት ሠራተኛ። ለመታከም የምትሄዱም አንብቡት፣ መጨረሻ ላይ ለእናንተም የምንለው አለ።

ኮቪድ-19 አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ያን ሰሞን በጣም ከተፈራላቸው ሙያዎች አንዱ የጥርስ ሕክምና ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ታካሚው ማስክ አድርጎ ጥርሱን ሊታከም አይችልም፣ ባለሙያው ደግሞ ፊቱን ወደተከፈተ አፍ አስጠግቶ ነው የሚሠራው። በዚያ ላይ መቦርቦሪያው በደቂቃ ከ300,000 ጊዜ በላይ ሊሽከረከር ይችላል። ጥርሱ እንዳይግል ውኃ ይረጫል፣ ውኃው ከምራቅና ከደም ጋር ተቀላቅሎ እንደ ጉም ይበተናል። ኤሮሶል የሚባለው ይሄ ነው። የጥርስ እጥበት ማሽንም እንደዚያው ይረጫል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በኦገስት 2020 ቫይረሱ በማኅበረሰቡ ውስጥ በተሰራጨባቸው ቦታዎች አስቸኳይ ያልሆነ የጥርስ ሕክምና እንዲዘገይ የመከረውም ለዚህ ነበር።

ታዲያ የተፈራው ሆነ? እ.ኤ.አ. በጁን 2020 አሜሪካ ውስጥ ከተጠየቁ ከ2,000 በላይ የጥርስ ሐኪሞች በኮቪድ የተያዙት ከመቶ አንድ እንኳ አልሞሉም። በ2021 ደግሞ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሕክምና ወቅት የሚበተነውን ጉም ሲመረምሩ፣ አብዛኛው ከማሽኑ ውኃ እንጂ ከታካሚው ምራቅ የመጣ አልነበረም።

ከዚህ ተነስታችሁ "ጉሙ አያስፈራም" እንዳትሉ! ሐኪሞቹ ተጠንቅቀው ነው የሠሩት። እኛ የምንወስደው ትምህርት ሌላ ነው፦ ወንበሩ አጠገብ ሁሉም ሰው ስለሚፈራ ይጠነቀቃል። ክፍተቱ ያለው ማስኩ ከወለቀ በኋላ ነው።

እስቲ መጀመሪያ ወንበሩን ቶሎ እንጨርሰው። ኃይለኛው መምጠጫ (ሳክሽን) ከመቦርቦሪያው ጫፍ አጠገብ በትክክል ከተያዘ የሚበተነውን ጉም ከ90 በመቶ በላይ ሊቀንስ ይችላል፤ ስለዚህ ጥሩ ረዳት ማለት ግማሽ መከላከያ ነው። ራበር ዳም የሚባለው የላስቲክ ሽፋንም ምራቁን ይከለክላል። ከሕክምናው በፊት አፍን ማጉመጥመጥ ጀርሞችን ለጊዜው ይቀንሳል እንጂ የማስክን ቦታ አይተካም። ኤን-95 ማስክ የሚጠቅመው ፊት ላይ ክፍተት ሳይተው ሲቀመጥ ነው፣ ጺም ካለ አይገጥምም። ፊቱ ላይ ቫልቭ ያለው ደግሞ የእናንተን ትንፋሽ ሳያጣራ ታካሚው ላይ ይለቀዋል።

አየሩስ? ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ኤሲ ብዙውን ጊዜ ያንኑ አየር እያቀዘቀዘ ያዞረዋል እንጂ ንጹህ አየር አያስገባም። የክፍሉ አየር በሰዓት 6 ጊዜ የሚቀየር ከሆነ፣ አየር ላይ የቀረውን ብናኝ 99 በመቶ ለማስወገድ 46 ደቂቃ ይፈጃል፤ 12 ጊዜ ከሆነ 23 ደቂቃ። አንዱ ታካሚ ሳይወጣ ሌላውን ማስገባት ለምን እንደማይመከር አሁን ገባችሁ አይደል? ከቤት ውጭ አየር የሚያስገባ መስኮት ካለ ክፈቱት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ብዙ ሰው ቫይረሱን እጁ ላይ የሚያገኘው ልብሱን ሲያወልቅ ነው። ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፦ መጀመሪያ ጓንት፣ ቀጥሎ ጋውን፣ ከክፍሉ ወጥታችሁ እጃችሁን ካጸዳችሁ በኋላ ፌስ ሺልድ ወይም መነጽር፣ መጨረሻ ላይ ማስክ። ማስኩን ከኋላ ገመዱን ይዛችሁ አውልቁ፣ የፊቱን ክፍል አትንኩ። ከዚያ እንደገና እጅ መታጠብ።

ቀጥሎ ምሳ ሰዓት። ቀኑን ሙሉ በማስክ የተጠበቀው ቡድን ጠባብ ክፍል ውስጥ ተሰብስቦ፣ ማስኩን አውልቆ፣ አንድ ትሪ ላይ ይበላል፣ ይጎራረሳል፣ ይስቃል። ከታካሚ ያልያዛችሁትን ከባልደረባ ልትይዙ ትችላላችሁ። ወረርሽኝ እስኪያልፍ በተራ ብሉ፣ ለየብቻ ሰሃን ተጠቀሙ፣ ከተቻለ ደጅ ወይም በረንዳ ላይ። ጉርሻው ይቆያል።

ሦስተኛው ቦታ የዕቃ ማጠቢያው ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ መናገር አለብኝ። ጥሩው ማስክ ለሐኪሙ፣ ለጽዳት ሠራተኛዋ የጨርቅ ማስክ የሚሰጥበት አሠራር ልክ አይደለም። ደም የነካውን ስለት የምታጥበው፣ ቆሻሻውን የምታወጣው እሷ ናት። ወፍራም የላስቲክ ጓንት፣ የዓይን መከላከያና ረጅም እጀታ ያለው ብሩሽ ያስፈልጋታል። መርፌና ስለት ወዲያው ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ መግባት አለበት። የጉበት ቫይረስ ቢ ክትባትም (በ0፣ በ1 እና በ6 ወር የሚሰጥ፣ 3 ዶዝ) ለሐኪሙ ብቻ ሳይሆን ለእሷም ነው።

በረኪና ስትበጠብጡ በግምት አታድርጉት። ዕቃው ላይ 5 በመቶ የሚል ከሆነ፣ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውኃ 0.5 በመቶ ይሆናል፣ ደም ለፈሰሰበት ቦታ ነው። 1 እጅ በ49 እጅ ውኃ ደግሞ 0.1 በመቶ ነው፣ ለጠረጴዛና ለወንበር ይሆናል። ቆሻሻው አስቀድሞ በሳሙና ካልተጠረገ በረኪናው በደንብ አይሠራም። በየቀኑ አዲስ አዘጋጁ፣ ከሌላ ማጽጃ ጋርም ፈጽሞ አትቀላቅሉ፣ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል።

የክሊኒክ ባለቤቶች፣ ትኩሳት ያለው ሠራተኛ ደመወዙ እንዳይቆረጥ ፈርቶ ሥራ ከገባ፣ የገዛችሁት ማስክ ሁሉ ከንቱ ነው። የሕመም ፈቃዱን አታስጨንቁት።

ለታካሚዎች፦ ሳል ወይም ትኩሳት ካላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ። ነገር ግን ፊታችሁ ካበጠ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገራችሁ፣ ወይም ደም አልቆም ካለ ወረርሽኝ ነው ብላችሁ እቤት አትቆዩ፤ ይህ አጣዳፊ ነው። ወንበሩ ላይ ስትቀመጡም "መቦርቦሪያው ከኔ በፊት በአውቶክሌቭ ገብቷል?" ብላችሁ መጠየቅ መብታችሁ ነው። በአልኮል መጥረግ ብቻውን አይበቃም።